«ከየት መጣ ሳልለው ገባብኝ» እና ሌሎች የመኪናና የሞተር ተረቶች

ሞተርና መኪና በተጋጩበት ቦታ ሁሉ የማትቀር አንዲት አባባል አለች፦ «ከየት መጣ ሳልለው ገባብኝ»። መኪናው ወደ ግራ ሊታጠፍ መንገዱን አቋርጧል፣ ሞተሩ ከቀኝ በሩ ጋር ተላትሞ ወድቋል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ሜትር ይዘረጋል፣ ሾፌሩም በሙሉ እምነት ይህችኑ ይደግማል። ዙሪያውን የከበበው ሰው ደግሞ «እነዚህ ሞተረኞች እኮ አይነዱም፣ ይበራሉ» ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። የሚበሩ አሉ፣ አይካድም። ግን እንዲህ ባለው ግጭት ብዙ ጊዜ ሞተሩ የመጣው በደህና ፍጥነት፣ በራሱ መስመር፣ ቅድሚያ ይዞ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሃሪ ኸርት የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አወጡ። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት፣ የሞተሩን ቅድሚያ ነጥቆ የገባው የሌላው ተሽከርካሪ ሾፌር ነበር። «ሎስ አንጀለስና አዲስ አበባ አንድ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። መንገዱ አንድ አይደለም፤ የሰው ዓይን ግን እዚያም እዚህም ያው ነው።

ሾፌሩ እየዋሸ እንዳይመስላችሁ። በእርግጥም አላየውም። ያላየበት ምክንያት ግን ይታወቃል።

አንደኛው በፊት መስታወቱና በበሩ መካከል ያለው ምሰሶ ነው። ምሰሶው 10 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረውና ከዓይናችሁ 65 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ 20 ሜትር ላይ ሁለቱም ዓይኖቻችሁ የማያዩት ከአንድ ሜትር የሰፋ ቦታ ይፈጥራል። የሞተር መሪ ከዳር እስከ ዳር 75 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ ከነነጂው እዚያ ውስጥ ይሰወራል ማለት ነው። የባሰው ደግሞ መኪናውም ሞተሩም ወደ አንድ መገናኛ እየተጠጉ ከሆነ፣ ምሰሶውና ሞተሩ አብረው ስለሚጓዙ ሞተሩ ለብዙ ሰከንድ ከምሰሶው ጀርባ ላይወጣ ይችላል። መድኃኒቱ ምንም ወጪ የለውም፦ ከመታጠፋችሁ በፊት ወገባችሁን ከመቀመጫው አላቅቃችሁ ራሳችሁን አንድ ስንዝር ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። አንገት ማዞር ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው የፍጥነት ግምት ነው። ዓይን ወደ እኛ የሚመጣን ነገር ፍጥነት የሚገምተው ምስሉ ሲያድግ እያየ ነው። መኪና ሲቀርብ ሁለቱ የፊት መብራቶቹ እየተራራቁ ይመጣሉ፤ ሞተር ግን አንዲት መብራት ናት። ሩቅ ሳለች የቆመች ትመስላለች፣ መቅረቧ የሚታወቀው አጠገብ ስትደርስ ነው። «ድንገት» የሚሏት ቅጽበት ይቺ ናት። ቆሞ የነበረ መኪና ተነስቶ የተቃራኒውን መስመር አቋርጦ እስኪወጣ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሞተር በ4 ሰከንድ 55 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የሞተር መብራት 60 እና 70 ሜትር ላይ እያያችሁ «ሩቅ ነው፣ እደርሳለሁ» አትበሉ። ይለፍ፤ የምትከስሩት አምስት ሰከንድ ነው።

ሦስተኛው አቃኘት ነው። ዓይን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲወረወር በመሃል ያለውን አያይም፤ አእምሮ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ግራ ቀኙን በአንድ ግርፍ አይቶ የሚገባ ሾፌር የተመለከተው ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅርቡን፣ መካከሉን፣ ሩቁን ለየብቻ ዓይናችሁን አሳርፋችሁ እዩ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ታየ፦ አንዳንዱ ሾፌር ሞተሩን ካየው በኋላ፣ ሌላውን ወገን ሲቃኝ ይረሳዋል። ምክራቸው ቀላል ነው፤ ሞተር ስታዩ ድምፅ አውጥታችሁ «ሞተር» በሉ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

ሞተረኛውም ድርሻ አለው። ከፊትህ ሊታጠፍ የቆመ መኪና ካየህ ነዳጅ መስጠትህን ቀንስ፣ ጣቶችህን የፊት ፍሬኑ ላይ አሳርፍ፣ በመስመርህ ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን ተንቀሳቀስ፤ ጎን ለጎን የሚንቀሳቀስ መብራት ቀጥ ብሎ ከሚመጣው ቀድሞ ይታያል። የሾፌሩን ዓይን አትመን። አንተን እያየ የሚገባ ሞልቷል። የፊት ጎማውን እይ፤ መኪናው መንቀሳቀሱን መጀመሪያ የሚያሳብቀው እሱ ነው።

«ሞተር ዳር ይያዝ» የሚለው ሌላው የማይሞት ተረት ነው። ክላክስ እየነፉ ሞተረኛውን ወደ ጠርዝ የሚገፉ ሾፌሮች ሕግ የሚያስከብሩ ይመስላቸዋል። ቀኝ መስመር ያዝ ማለት ቦይ ውስጥ ግባ ማለት አይደለም። ጠርዙ ላይ አሸዋና ጠጠር ይከማቻል፣ የፍሳሽ ክዳን ተነስቶ ይቀራል፣ እግረኛ ሳያይ ይወርዳል፣ የቆመ መኪና በር ይከፈታል። ሞተረኛው ከእነዚህ አንዱን ለመሸሽ በድንገት ወደ ግራ ሲወጣ የሚያገኘው ያንኑ ክላክስ የሚነፋውን መኪና ነው። ትክክለኛው ቦታ መስመሩ ውስጥ የግራ ጎማ የሚሄድበት ሰንበር ነው። እዚያ ሲሆን ከፊቱ ያለው ሾፌር በስፖኪዮው ያየዋል፣ ከኋላ ያለውም በቀጭን ክፍተት ሾልኮ ለመቅደም አይፈተንም። የመስመሩ መሃል፣ በተለይ መብራትና አደባባይ አጠገብ፣ ከቆሙ መኪኖች የሚንጠባጠብ ዘይት ስላለበት ያንሸራትታል። ሞተር የሚቀድም መኪና ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ጎን ይተው፤ ሲኖ ትራክ ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ምክንያቱም የትልቅ መኪና ነፋስ መጀመሪያ ይገፋል፣ ሲያልፍ ደግሞ ይስባል።

ከዳር ማሽከርከር ጋር አብሮ የሚሄደው መዘዝ ታክሲ ነው። ሚኒባሱ በመሃል መስመር እየሄደ «ወራጅ አለ!» ይባላል። ረዳቱ በሩን የሚያንሸራትተው ገና ሳይቆም ነው፣ ሾፌሩ ወደ ቀኝ ይሰበራል፣ ተሳፋሪው ይዘላል። በታክሲና በእግረኛ መንገድ መካከል በቀኝ ሊያልፍ የገባ ሞተረኛ መውጫ የለውም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መከራከር ይቻላል፤ አጥንቱ የሚሰበረው ግን የማን እንደሆነ አያከራክርም። ሞተረኞች፣ ታክሲን በቀኝ አትቅደሙ፣ በቃ። ረዳቶች፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት አንገት ወጥቶ ወደ ኋላ ይታይ። የግል መኪና ሾፌሮች፣ ቆማችሁ የግራ በራችሁን ስትከፍቱ በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። ቀኝ እጅ ወደ ግራ በር ሲዘረጋ ትከሻ ስለሚዞር፣ ወደ ኋላ ሳያዩ መክፈት ያስቸግራል።

«ሞተር ትንሽ ስለሆነ በየትም ያልፋል»። በቆሙ መኪኖች መካከል ቀስ ብሎ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ በ50 በሚሄዱ መኪኖች መካከል በ70 መሹለክ ሌላ። ከጎንህ ካሉት መኪኖች በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ፈጥነህ የምታልፍ ከሆነ፣ አንዱ መስመር ቢቀይር ለማቆም ጊዜ የለህም። በሁለት አውቶቡሶች መካከል ደግሞ ቆመውም ቢሆን አትግባ። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መስመርም የብስክሌት ነው።

«ፍሬቻ አሳይቷል፣ ስለዚህ ይታጠፋል»። የመኪና ፍሬቻ መሪው ሲመለስ በራሱ ይጠፋል። የብዙ ሞተሮች አይጠፋም፤ ነጂው በአውራ ጣቱ ማጥፋት አለበት፣ ይረሳዋልም። ሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስና ሲያጋድል ካላያችሁ ፍሬቻውን አትመኑ።

«የፍሬን መብራት ካልበራ አልቀነሰም»። ሞተር ማርሽ ቀንሶ ወይም ነዳጅ ለቆ ብቻ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ከኋላ ምንም መብራት አይበራም። ሁለት ሰከንድ ራቁ፣ ዝናብ ካለ አራት። እሱ ያለፈበትን ምልክት እናንተ እስክትደርሱበት «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩ።

«ረጅም መብራት ብልጭ አደረገልኝ፣ እለፍ ማለቱ ነው»። ወይም «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ማለቱ ነው። ሁለቱንም ስለሚሆን አትግቡበት።

«ቀን መብራት ማብራት ባትሪ ይጨርሳል»። አይጨርስም፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል ባትሪውን እየሞላው ነው። ቀን አጭር መብራት ያበራ ሞተር ቀድሞ ይታያል። መንገድ ላይ ጣቱን እየከፈተ እየዘጋ «መብራትህ በርቷል» የሚላችሁን ደግ ሰው አመስግናችሁ እለፉ፤ እንዳታጠፉት።

«ዝናብ ሲበረታ ነው አደገኛው»። የሚያንሸራትተው መጀመሪያ ሲያካፋ ነው፤ የደረቀ አቧራና ዘይት ከውኃ ጋር ተለውሶ ገና ሳይታጠብ። የዜብራ ቀለምና የብረት ክዳን ግን ክረምቱን ሙሉ ያንሸራትታሉ።

አሁን ከሞተረኞች ጋር ወደ አንድ ትልቅ ጠብ እንሂድ፦ «የፊት ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል»። ይህን የሚያስተምሩት ብዙ ጊዜ ነባር ሞተረኞች ናቸው፣ ተማሪውም ዕድሜ ልኩን በኋላ ፍሬን ብቻ ይነዳል። ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ስለሚቀለው ትንሽ ሲጫኑት ይቆለፍና ይንሸራተታል። ከማቆሚያ ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉን የሚሰጠው የፊቱ ነው። በደረቅ አስፋልት በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሁለቱም ፍሬን በደንብ ሲያዝ ወደ 14 ሜትር ላይ ይቆማል፣ በኋላው ብቻ ግን ወደ 25 ሜትር ይጠጋል። እግረኛው ወይም የሚታጠፈው መኪና ያለው በልዩነቱ 11 ሜትር ውስጥ ነው።

የሚጥለው የፊት ፍሬን ሳይሆን አያያዙ ነው። ደንግጦ በአንድ ጊዜ ጭምቅ ማድረግ፣ መሪው ዞሮ ወይም ሞተሩ አጋድሎ ሳለ መያዝ፣ ጠጠር ላይ መያዝ፤ እነዚህ ይጥላሉ። ልምምዱ ባዶ፣ ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ይጀመር። ሞተሩን ቀጥ አድርግ፣ ዓይንህን ሩቅ ጣል፣ የፊቱን መጀመሪያ ለስለስ አድርገህ ያዝ፤ የፊት ሞላው ዝቅ ሲል ይሰማሃል፣ ከዚያ ኃይል ጨምር። ኋላውን በእግርህ ቀለል አድርገህ አግዝ። የፊቱ ጎማ ከተቆለፈ ወዲያው ለቀቅ አድርገህ እንደገና ያዝ። ይህ እስኪለመድ ፍጥነት አትጨምር። መሣሪያውም ይታይ፦ በከበሮ ፍሬን የሚሠሩት እንደ ቦክሰር ያሉት ሞተሮች ሽቦ ስለሚላላ፣ የማንሻው ጫፍ ፍሬኑ እስኪይዝ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ብቻ መጓዝ አለበት። ዲስክ ከሆነ የሸራው ውፍረት ወደ 1 ሚሊሜትር ሳይወርድ ይቀየር።

ስለ ሄልሜት «ሰፈር ውስጥ ነኝ» የሚለው ክርክር መልስ አይገባውም፤ ክርን ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚጠብቀው ክርንን ነው። «አንገት ይሰብራል» የሚለውን ግን እንመልስ። 61 ጥናቶችን አጠቃሎ የመረመረው እ.ኤ.አ. የ2008 የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚያመዛዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ፣ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ራስ ላይ የመጎዳትን ዕድል በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ሄልሜት ያደረጉት በአንገት አጥንት የመጎዳት ዕድላቸው በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ሁሉ ታስሮ ሲሆን ነው፦ ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ፣ ሄልሜቱ ሲነቀነቅ ቆዳችሁም አብሮ ይነቃነቅ። አንዴ በኃይል የወደቀ ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፤ ላዩ ቢያብረቀርቅም ይጣል። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው ራስ አለው።

የመጨረሻው ሰው በደግነት የሚገድልበት ነው፦ «ቶሎ ሄልሜቱን አውልቁለት፣ ውኃ አፍስሱበት፣ መኪና ላይ ጫኑት»። የአንገት አጥንቱ ተጎድቶ ከሆነ ይህ ጥድፊያ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። መጀመሪያ መንገዱን ዝጉ፤ አንድ መኪና አደጋ መብራቱን አብርቶ ከኋላ ይቁም፣ ሞተሩም በቁልፉ ይጥፋ። በአዲስ አበባ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። የሄልሜቱን የፊት መስታወት ክፈቱና መተንፈሱን እዩ፤ የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን ተዉት፣ አንድ ሰው ራሱን ከነሄልሜቱ በሁለት እጁ ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይያዝለት። የማይተነፍስ ከሆነ ብቻ ይወልቃል፣ እሱም በሁለት ሰው፦ አንዱ ማሰሪያውን ፈትቶ በአንድ እጁ አገጩን፣ በሌላው ማጅራቱን ይደግፋል፤ ሌላው ከራስጌ ሆኖ የሄልሜቱን ሁለት ጎኖች ወደ ውጭ እየለጠጠ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስባል። ሄልሜቱ እንደወጣ ራስ ወደ መሬት እንዳይወድቅ የደገፈው እጅ አይለቀቅም፤ የልብ ማሸትና ትንፋሽ መስጠት የሚችል ካለም በዚያው ይጀምር።