የሴቶች የበጎ አድራጎት ስፌት በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ ሰፈሮች ሴቶች በሳምንት ወይም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ካንዷ ቤት ተሰብስበው ለተቸገረ ሰው ልብስ ይሰፋሉ። ስብስቡ አብዛኛውን ጊዜ ማኅተምም ሆነ ስም የለውም፤ «ስፌት አለብኝ» ብላ የወጣች ሴት ወዴት እንደምትሄድ ጎረቤት ያውቃል። አባላቱ የሥጋ እህትማማቾች፣ የአንድ ቅሬ (በወሎ እድር ማለት ነው) ሴቶች ወይም የግድግዳ ተጋሪዎች ይሆናሉ። እርስ በርስ ግን የሚጠራሩት «እህቴ» እየተባባሉ ነው።

«ስፌት» የሚለው ቃል ሁለት ሙያ ይዟል። አንደኛው ሴቶች በወስፌ፣ በስንደዶና በአለላ ሞሰብና ሰፌድ የሚሠሩበት ነው፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ ቡና እየተጠጣ፣ ወሬ እየተወራ በጋራ የሚሠራ ነበር። ሁለተኛው የልብስ ስፌት ነው። ይህኛው ለረጅም ጊዜ ሲንገር መኪናውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሚውል ወንድ እንጀራ ሆኖ ቆይቷል። የዛሬው ስብስብ መኪናውን የወሰደው ከበረንዳው፣ አቀማመጡን ግን ከአለላው ነው። በእኔ እይታ ስብስቡን የሚያቆየው አቀማመጡ ነው፤ ጥሩ መኪና ኖሯቸው የተበተኑ አሉ፣ ቡናው ሳይቋረጥ የተበተነ ግን አላየሁም።

ለዚህ ሥራ ሁለቱም እምነት የየራሱ መነሻ አለው። ክርስቲያኗ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ያለችውን ጣቢታን ትጠቅሳለች፤ ስትሞት መበለቶች እያለቀሱ የሰፋችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ ያሳዩላት ናት። ሙስሊሟ ሰደቃ ነው ትላለች። በወሎ ሁለቱ አንድ ምንጣፍ ላይ መቀመጣቸው ማንንም አያስገርምም፤ የሚያከራክረው የቀን ምርጫው ነው። ዓርብ ከጁምዓ ጋር ይጋጫል፣ ሰኞ የደሴ ገበያ ነው፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ መርፌ የማያነሱ እናቶች አሉ። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለ አንድ ከሰዓት በኋላ ይመረጣል፤ በዓል ከዋለበት ስፌቱ ቀርቶ ቡናው ብቻ ይጠጣል። በረመዷን ደግሞ ቡናው ቀርቶ ስፌቱ ይቀጥላል።

በችግር ጊዜ ለሕዝብ መስፋት በአገር ደረጃም ታሪክ አለው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሴቶችን አስተባብረው ለዘማቹ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ያሰፉ ነበር። ደሴ ያኔ የጦር ሰፈር ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ሳሉ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደበደቧት፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመታ። በቅርቡ ደግሞ በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚያወጣው ሰልቫጅ ብዙ ነው፤ የአዋቂ ኮት ግን ለስድስት ዓመት ልጅ አይሆንም። ተተርትሮ፣ አጥሮ፣ ጠቦ እንደገና መሰፋት አለበት፣ ይህም አዲስ ከመስፋት የባሰ አድካሚ ነው።

ሥራው ሲጀመር መቀሱን አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፤ የተሳሳተ ቅድ አይመለስም። የቀሩት ይተኩሳሉ፣ በመኪና ይገጥማሉ፣ በእጅ ይዘመዝማሉ፣ አዝራር ይተክላሉ። ዓይናቸው የደከመ እናቶች አጠገብ አንዲት ልጅ ትቀመጣለች፤ ሥራዋ «እትዬ፣ ክሩን ላስገባልዎ?» እያለች መርፌ አዘጋጅቶ ማቀበል ነው። መብራት ስለሚጠፋ በእግር የሚረገጥ መኪና ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ይከበራል። የቀረች ቅጣት ትከፍላለች፤ ቅጣቱ ለክርና ለአዝራር ይውላል።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከተማዋ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ወጣት ሴቶችን መኪና ላይ አስቀምጧል። ከዚያ የመጣች ልጅ እጇ እንደ መብረቅ ነው። ሙሉ ሸሚዝ ስፊ ስትባል ግን ልትቸገር ትችላለች፤ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ በቁርጥራጭ ስለሚከፋፈል ዓመቱን ሙሉ እጅጌ ብቻ ስትገጥም ኖራለች። አንገትጌውን የሚያስተምሯት እናቶች ናቸው፣ እሷ ደግሞ ፍጥነቱን ታስተምራቸዋለች።

የሚሰፋው እንደ ወቅቱ ነው። ከመስከረም በፊት ዩኒፎርም፣ ለዒድ የልጆች ልብስ፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ስለሆነም ለጥምቀት ቀሚስ ይሰፋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ጉም የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ለአራስ ልጅ ፍላኔል ይመረጣል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ አቡጀዲ ይበቃል።

ታጣቢ ሞዴስም ይሰፋል። በአገራችን ይህን ሥራ ያሳወቁት የመቐለዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። ስፌቱ ከባድ አይደለም፣ ማድረቁ ነው ከባዱ። ፀሐይ ላይ መሰጣት ሲገባው ልጆቹ አፍረው ከሌላ ልብስ ሥር ይደብቁታል፣ በደሴ ክረምት ደግሞ ፀሐዩም የለም። ለአንዲት ልጅ ሁለት ሰጥቶ መሸኘት ስለዚህ ከንቱ ነው።

ማን ይሰጠው የሚለውን ብዙ ጊዜ የቅሬው ዳኛና የሰፈር እናቶች ይጠቁማሉ። ዩኒፎርም ሲሆን ጨርቁ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ብጣሽ ገጣጥሞ መስጠት የልጁን ችግር ለክፍሉ ማሳወቅ ነው። ልጅ አሰልፎ ፎቶ ማንሳትም ያው ነው፣ ቢቀር ይሻላል። በማታ በር አንኳኩቶ ሰጥቶ መመለስ የተለመደ ነው።

ብጣሹ ግን አይጣልም። ሰፋ ያለው ለትራስ መሙያ ወይም ለምንጣፍ ይቀመጣል። ለምንም የማይሆነው ተጠቅልሎ ይሰፋና ማቶት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጀበናው የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው።