ክላውንፊሽን በቤት አኳሪየም ውስጥ በጋራ ማኖር

ክላውንፊሽ በህንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች እንዲሁም በቀይ ባሕር፣ ሞቃትና ጥልቀት በሌላቸው የኮራል አካባቢዎች የሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች ሲሆኑ፣ ወደ 30 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው። በተፈጥሯቸው የባሕር አኔሞኒ በሚባለው እንስሳ ተናዳፊ ዘርፎች መካከል ተጠልለው ይኖራሉ፤ ቆዳቸውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽም ከንድፊያው ይጠብቃቸዋል። ጠንካራና በሰው እጅ በቀላሉ የሚባዙ በመሆናቸው በጨዋማ ውሃ አኳሪየም ከሚያዙት ዓሦች መካከል የታወቁ ናቸው። በአንድ ገንዳ ስንቱን አብሮ ማኖር ይቻላል የሚለውን ጥያቄ ግን የገንዳው ስፋት ብቻውን አይመልሰውም፤ ከስፋቱ በፊት የዓሦቹን ማኅበራዊ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል።

በባሕር ውስጥ አንድን አኔሞኒ የሚጋራ ቡድን ብዙውን ጊዜ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ከእሷ የሚያንስ አንድ የሚራባ ወንድ፣ ከዚያም በመጠን እየቀነሱ የሚሄዱ ጥቂት የማይራቡ ዓሦች ይኖሩታል። ሴት ሆኖ የሚያድግ ጫጩት የለም። ሴትነት የሚገኘው በቡድኑ ውስጥ የመጀመሪያውን ደረጃ በመያዝ ነው፤ ሴቷ ስትሞት ወንዱ ጾታውን ቀይሮ ቦታዋን ይወስዳል፣ ከማይራቡት መካከል ትልቁ ደግሞ የሚራባ ወንድ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሴት የሆነ ዓሣ ተመልሶ ወንድ አይሆንም። ተመራማሪው ፒተር ባስተን በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚገኙ የፐርኩላ ክላውንፊሾችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ሥራ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ዓሦች ከበላያቸው ካለው ጋር እኩል እንዳይሆኑ እድገታቸውን ራሳቸው እንደሚገቱ አሳይቷል። ምክንያቱም በመጠን የተቀራረበ ዓሣ ተፎካካሪ ሆኖ ይታያል፤ ተፎካካሪም ከቡድኑ ይባረራል። የዚህ ሥርዓት ሰላም የቆመው በመጠን ልዩነት ላይ መሆኑ ለአኳሪየም ባለቤት ከሁሉ የሚበልጠው እውቀት ይመስለኛል።

በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚፈጠረው ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። የተባረረው ዓሣ የሚሄድበት ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ይሳደዳል፤ ክንፎቹ ይበጣጠሳሉ፣ ወደ ውሃው ገጽ ወይም ወደ ማጣሪያው ጥግ ተገፍቶ ይቀራል፣ መብላት ያቆምና በመጨረሻ ይሞታል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ የቤት ገንዳዎች ትክክለኛው ቁጥር ሁለት ነው። ይህ የጥንቃቄ ምክር ብቻ አይደለም፤ ጥንድ ማለት የተፈጥሮው ቡድን ዋና አካል ስለሆነ ዓሦቹ ምንም የጎደለባቸው ነገር የለም።

ጥንድ ለመመሥረት ቀላሉ መንገድ ሁለት ገና ያልበሰሉና በመጠን የሚለያዩ የአንድ ዝርያ ዓሦችን በአንድ ጊዜ ማስገባት ነው። ትልቁ ቀስ በቀስ ሴት ይሆናል፣ ትንሹ ወንድ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠነኛ መገፋፋት ይጠበቃል፤ ትንሹ ዓሣ በትልቁ ፊት ጎኑን አጋድሎ ሰውነቱን ሲያንቀጠቅጥ መታየቱ መገዛቱን የሚገልጽበት ምልክት እንጂ ሕመም አይደለም፤ ባለቤቱም ሊደሰትበት ይገባል። ሁለቱ ሌሊት በአንድ ቦታ ማደር ከጀመሩ ጥንድነቱ ጸንቷል ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ለየብቻቸው ያደጉና ሁለቱም ሴት የሆኑ ዓሦችን ማገናኘት አንዳቸው እስኪሞቱ ድረስ የሚዘልቅ ጠብ ያስከትላል።

የተለያዩ ዝርያዎችን መቀላቀል ደግሞ ሊመከር አይችልም። ኦሴላሪስና ፐርኩላ የቅርብ ዘመዳሞች በመሆናቸው አንዳንዴ ተስማምተው ይኖራሉ፣ ተዳቅለውም ይራባሉ። ማሩን፣ ቶማቶና ክላርኪ የተባሉት ግን ይዞታቸውን አጥብቀው የሚከላከሉ ናቸው፤ በተለይ የማሩን ሴት ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ልታድግ ስለምትችል ለትንሽ ኦሴላሪስ አደገኛ ጎረቤት ናት።

ከሁለት በላይ የሆነ ቡድን ማኖር አይቻልም ማለት ግን አይደለም። የሚሳካላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ኦሴላሪስን ወይም ፐርኩላን ይመርጣሉ፤ ብዙ ትንንሽ ጫጩቶችን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ በአንድ ቀን ያስገባሉ፣ ሌላም የክላውንፊሽ ቡድን አይጨምሩበትም። ቁጥሩ ሲበዛ ጥቃቱ በአንድ ዓሣ ላይ ከመከማቸት ይልቅ ይበታተናል፤ በርካታ አኔሞኒዎች ካሉም መጠለያው ለብዙዎች ይደርሳል። ሆኖም ይህ ሰላም ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል። ለወራት ወይም ለዓመታት ተስማምቶ የቆየ ቡድን፣ ጥንዱ እንቁላል መጣል ሲጀምር በቀናት ውስጥ ሊበታተን ይችላል፤ ሴቷና ወንዱ የጎጆአቸውን ዙሪያ የሚጠብቁት እጁን በገንዳው የከተተውን ሰው እስከመንከስ በሚደርስ ቁጣ ነው። ስለዚህ ቡድን የሚያኖር ሰው የተባረረውን የሚያሳርፍበት ሌላ ገንዳ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ቡድን ባይጀምር ለዓሦቹ ይሻላል።

የውሃው ሁኔታ ከሌሎች የኮራል ዓሦች ፍላጎት ብዙም አይለይም፦ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨዋማነቱ በሊትር ወደ 35 ግራም፣ ፒኤቹ ከ8.1 እስከ 8.4፣ አሞኒያና ናይትራይት ደግሞ ዜሮ። ለአንድ የኦሴላሪስ ጥንድ ከ80 እስከ 110 ሊትር ይበቃል። በእርባታ ያደጉ ክላውንፊሾች ያለ አኔሞኒ በጤና ይኖራሉ፤ አኔሞኒ ጠንካራ ብርሃንና የተረጋጋ ውሃ ስለሚፈልግ በአዲስ ገንዳ ውስጥ ቶሎ ይሞታል፣ ሲሞትም ውሃውን ይበክላል።

አዲስ ዓሣ ነባር ወዳለበት ገንዳ የሚገባ ከሆነ አስቀድሞ በተለየ ገንዳ ለጥቂት ሳምንታት መቆየት ይኖርበታል፤ ቆዳንና ስንጥብን የሚያጠቃው ብሩክሊኔላ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ክላውንፊሾችን በቀናት ውስጥ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያም ውሃ በሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ግልጽ ሣጥን ውስጥ ተደርጎ በነባሩ ፊት ጥቂት ቀናት ይቆይ፤ ድንጋዮቹንም ማዘዋወር ነባሩ የያዘውን ድንበር ስለሚያፋልስበት ይረዳል።

ክላውንፊሽ በጥሩ አያያዝ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ከጥንዱ አንዱ ቀድሞ የሚሞትበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። የሞተው ወንዱ ከሆነ ለሴቷ የሚመረጠው ከእሷ በግልጽ የሚያንስ፣ ገና ያልበሰለ ዓሣ ነው። የሞተችው ሴቷ ከሆነች ደግሞ ብቻውን የቀረው ወንድ ራሱ ወደ ሴትነት ይለወጣልና፣ እሱን የምታክል ሴት መፈለግ ስህተት ነው፤ የሚያስፈልገው አሁንም ከእሱ ያነሰ ጫጩት ነው።