የከበረ ድንጋይ ፍለጋ በዲጂታል ካርታ፦ የደላንታው ኦፓል

ሳተላይት ኦፓልም ሆነ ኤመራልድ አያይም። የሚያየው ድንጋዩ የሚያድርበትን ዓለት፣ የመሬቱን ከፍታና ተዳፋት፣ ከላይ የተገለጠውን ሸክላ ነው። በዲጂታል ካርታ የከበረ ድንጋይ መፈለግ ማለት እነዚህን ምልክቶች ደራርቦ፣ እግርና ዶማ ከመድከማቸው በፊት የማይረባውን ቦታ መቀነስ ማለት ነው።

ለዚህ አሠራር ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ወረዳ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ሰሜን ሸዋ መዘዞ ላይ ኦፓል መገኘቱ ቢታወቅም፣ የኢትዮጵያን ኦፓል በዓለም ገበያ ያስጠራው በ2008 እዚያው ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ነው። የደላንታ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልትና በወረደ የእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ፣ እንደ ተደራረበ እንጀራ ንብብር በንብብር የተቀመጠ ነው። ኦፓሉ ያለው ከእነዚህ ንብብሮች በአንዱ ውስጥ ሲሆን፣ ውፍረቱ በአብዛኛው 1 ሜትር አይሞላም። አመዱ ሲበሰብስ የለቀቀው ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) በውሃ ሟምቶ ወረደ፤ ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ሲያግደው እዚያው ረግቶ ኦፓል ሆነ።

ንብብሩ ወደ አግድም የተጠጋ ስለሆነ ገደሉን ተከትሎ በተቀራራቢ ከፍታ ይዞራል። በእኔ ግምት ደላንታ ላይ ከሁሉም የሚበልጠው መረጃ ይኸው ከፍታ ነው። በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካችው የምድር ከፍታ ዛሬ በነፃ ይገኛል። ሥራው እንዲህ ነው፦ ቆፋሪዎች ኦፓል ያወጡባቸው ጉድጓዶች በጂፒኤስ ይመዘገባሉ፤ ነጥቦቹ ኪውጂስ በተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ይጫናሉ፤ በነጥቦቹ መካከል የንብብሩን ዘንበል ያለ ገጽ የሚወክል ጠለል ይሰላል። ጠለሉ ከገደሉ ጋር የሚገናኝበት መስመር በየሸለቆው እየገባ፣ በየሸንተረሩ እየወጣ ይሄዳል። ማንም ባልቆፈረበት ሸንተረር በኩል ካለፈ፣ ሄዶ መታየት ያለበት እሱ ነው።

መስመሩን ግን እንደ ወረደ ማመን አይገባም። ገደል ሥር በስልክ የሚነበብ ጂፒኤስ ግማሹ ሰማይ ተጋርዶበት ከፍታን ያዛባል። የራዳሩ አንድ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ 60 ዲግሪ በሚያዘነብል ገደል ላይ 30 ሜትር ወደ ጎን መሄድ ከ50 ሜትር በላይ ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። 1 ሜትር የማይሞላ ንብብር በዚህ መካከል ይጠፋል። ናዳ ያወረደው ዓለትም ንብብሩን ከቦታው ዝቅ አድርጎ ያሳስታል።

የሳተላይት ምስል የሚያግዘው ሸክላውን በመለየት ነው። ሸክላ አጭር ሞገድ ያለውን የኢንፍራሬድ ብርሃን (ዓይን የማያየውን) በተወሰነ ርዝመት ላይ ስለሚውጥ፣ ላንድሳት 8 የተባለው ሳተላይት ብርሃንን ከሚለካባቸው የሞገድ ክፍሎች (ባንዶች) ባንድ 6 ለባንድ 7 ሲካፈል ሸክላ ያለበት ደምቆ ይወጣል። አስተር የተባለው የሳተላይት መሣሪያ በዚህ ረገድ የተሻለ ዝርዝር ነበረው፤ ምን ያደርጋል፣ ይህን ብርሃን የሚለካው ክፍሉ የተበላሸው የወገል ጤና ኦፓል በተገኘበት በዚያው በ2008 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተነሱ ምስሎች ይፈለጋሉ። ወቅቱም ወሳኝ ነው። በክረምት ደመና፣ በመስከረም አረንጓዴ ይሸፍናል፤ ምርት ተሰብስቦ መሬቱ ሲራቆት የተነሳው ይሻላል። ያኔም ደጋው ላይ ያለው የእርሻ መሬት፣ መረሬው በተለይ፣ ሸክላ ስለሆነ አብሮ ይደምቃል። ተዳፋትን መለያ አድርጎ ሜዳውን ማውጣት ያስፈልጋል።

ከዚያ የዓለት ዓይነት፣ ከፍታ፣ የዓለት ስብራትና ሸክላ እያንዳንዳቸው ክብደት ተሰጥቷቸው ይደመራሉ። ክብደቱን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ቀይና ቢጫ ቀለም ሲቀባ ግን ግምቱ እውነት ይመስላል። መፈተኛው ጥቂት የታወቁ ጉድጓዶችን ከስሌቱ ደብቆ ካርታው ያገኛቸው እንደሆነ ማየት ነው። የታወቁት ጉድጓዶች ራሳቸው መንገድና መንደር አጠገብ የሚበዙ መሆናቸውም አይዘነጋ።

ለሌላ ድንጋይ ሌላ ምልክት ነው። በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ ለሚወጣው ኤመራልድ፣ ቤሪሊየም የተባለውን ንጥረ ነገር ያመጣው ፔግማታይት (ትላልቅ ክሪስታሎች ያሉት ዓለት) ክሮሚየም የተባለው ንጥረ ነገር ካለው ዓለት ጋር የሚገናኝበት ድንበር ይፈለጋል። ለትግራይ ሳፋየር ደግሞ የጅረቶች ካርታ ይጠቅማል፤ ድንጋዩ ከአፈርና ከጠጠር ታጥቦ ይለቀማልና። በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 የታወቁ የኦፓል ጉድጓዶችን ከጥንቱ የባሕርና የወንዝ ካርታ ጋር አመሳክረው ተስፋ ያላቸውን ቦታዎች ለይተዋል።

ካርታው የማይነግረው ጥራቱን ነው። ደላንታ ላይ ከሚወጣው አብዛኛው ሲያዘነብሉት ቀለም የማይጫወት ተራ ኦፓል ነው፤ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ሊያበራ፣ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። አደጋውን ግን በከፊል ያሳያል። ቆፋሪው በእጁ እየቆፈረ የሚገባበት ጠባብ ዋሻ ከበላዩ ትልቅ ገደል ተሸክሟል፤ ኦፓሉን ያስቀመጠው ሸክላም በክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። ያው የከፍታ መረጃ ወደ ተዳፋት ሲቀየር፣ መስመሩ በየት በኩል ናዳ በሚያሰጋው ገደል ሥር እንደሚያልፍ ይታያል።