በዳኑብ ዳር ለሁለት፦ ስለ ረጅም የብስክሌትና የድንኳን ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኔ ከምኖርበት ከጀርመን፣ ባለቤቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ከፓሳው ከተማ እስከ ቡዳፔስት የዳኑብን ወንዝ ተከትለን በብስክሌት እንደምንጓዝና በየደረስንበት በድንኳን እንደምናድር በተናገርን ጊዜ፣ ዘመድ ወዳጅ ያነሣው ስጋት ሁሉ ስለ ጉልበትና ስለ አውሬ ነበር። መንገዱ ከፈረንሳይ የአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ አሥር አገሮችን በማቋረጥ ሩማንያ ውስጥ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው ዩሮቬሎ 6 የተባለ የረጅም ርቀት የብስክሌት መንገድ አንድ ክፍል ነው። የሰማናቸው አስተያየቶች ከቅንነት የመነጩ ቢሆኑም ጥንቃቄን ወደማይፈለግበት ቦታ ይመራሉ።

«ይህ የስፖርተኛ ሥራ ነው።»

ጓዝ የጫነ ብስክሌት በሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ አራት ሰዓት መንዳት ይበቃል፤ የቀረው ጊዜ ለምሳ፣ ለዕረፍትና ድንኳን ለመትከል ይተርፋል። ፓሳው ከባሕር ወለል በላይ በ300 ሜትር ገደማ፣ ቪየና ደግሞ ከ200 ሜትር በታች ስለሚገኙ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚህ መንገድ ወንዙን ያልለቀቀ ሰው ዳገት እምብዛም አያጋጥመውም። ፈታኙ ነፋሱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ተቃውሞ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ሜዳውን ማለቂያ የሌለው ዳገት ያደርገዋል። በዚህ የአውሮፓ ክፍል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ከፓሳው ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ከወንዙ ቁልቁለት ይልቅ የሚጠቀመው ከጀርባው በሚያገኘው ግፊት ነው።

«መቀመጫው በለሰለሰ ቁጥር ይመቻል።»

ለአንድ ሰዓት ያህል እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወፍራም ስፖንጅ፣ ክብደቱ ሊያርፍበት ከሚገባው አጥንት አልፎ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ስለሚጫን ያደነዝዛል። ጠንከር ያለና በስፋቱ ከሰውነት ጋር የሚስማማ መቀመጫ ይሻላል።

«ባልና ሚስት እኩል ጉልበት ከሌላቸው ጉዞው ጠብ ይሆናል።»

ከሁሉም ይልቅ ልቤ የሚቆረቆርበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እውነት ለማድረግ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ቀድሜ እፈተለክና ከመታጠፊያው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሷ ስትደርስ እኔ ዐርፌ ጨርሻለሁና ወዲያው «እንሂድ» እላለሁ። በዚህ አኳኋን ጠንካራው ደጋግሞ ሲያርፍ ደካማው ጨርሶ እንደማያርፍ የገባኝ እሷ በሦስተኛው ቀን ሳትቆጣ በረጋ ድምፅ ስትነግረኝ ነው። መፍትሔው ጉልበትን ማስተካከል ሳይሆን ጭነትን ማስተካከል ሆነ። ድንኳኑን፣ ማብሰያውንና መሣሪያውን እኔ ወሰድኩ፤ ለእሷ ልብሷና የመኝታ ከረጢቷ ብቻ ቀረላት። ነፋስ በሌለበት ቀን እሷ ከፊት እየሄደች ፍጥነቱን ትወስናለች፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ እኔ እቀድምና እሷ ከኋላ ጎማዬ ሳትርቅ በከለላዬ ትከተላለች። ተቀራርቦ መንዳት ግን ሁለቱም ሰዎች ፍሬን ሲይዙና ጉድጓድ ሲያዩ እንዲነጋገሩ ያስገድዳል፤ ሳይነግሩ መቆም ከኋላ ያለውን መጣል ነው። ለሁለት ሰው የተሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌትም የጉልበትን ልዩነት ፈጽሞ ያጠፋዋል፤ ነገር ግን በባቡር ለመጫን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

«ድንኳን ካለ የትም ይታደራል።»

ይህ ሐሳብ የመጣው ከሰሜን አውሮፓ ይመስለኛል። ኖርዌይ በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ ባልታረሰ መሬት ላይ ድንኳን መትከል ይቻላል። በዳኑብ ዳር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በጀርመን ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ መስፈር በአብዛኛው የተከለከለ ሲሆን፣ በኦስትሪያ ደንቡ ከክልል ክልል ይለያያል። ለድንኳን የተዘጋጁ፣ ሻወርና ውኃ ያላቸው መስፈሪያዎች በመንገዱ ላይ በብዛት ስላሉ መደበቅም አያስፈልግም። እዚያም ቢሆን ከወንዙ አፋፍ ከፍ ያለውን ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ዳኑብ ከሩቅ ተራራ በወረደ ዝናብ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ ሊሞላ ይችላል።

«ጠዋት ውስጡ ከረጠበ ድንኳኑ ያፈሳል።»

ብዙ ጊዜ አያፈስም። የሁለት ሰዎች ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ስለሚያወጣ፣ በቀዝቃዛው ሸራ ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል፤ ብርድ ፈርቶ መዝጊያውን ሁሉ የሚጠረቅም ሰው ደግሞ ይበልጥ ይረጥባል። ጥቂት መክፈት ነው። ብርዱም ቢሆን በአብዛኛው ከመሬት ነው የሚመጣው፤ በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀ የመኝታ ከረጢት ከሥር ሙቀት ስለማይዝ፣ ገንዘብ ቢያጥር ከከረጢቱ ይልቅ ከሥሩ ለሚነጠፈው ምንጣፍ ማውጣት ይመረጣል።

«አውሬ ይበላችኋል።»

ከጅብ አገር ለመጣ ሰው ሌሊት የሚሰማ ኮሽታ ሁሉ ያሳስባል። በዚህ መንገድ ላይ የሚያሰጋው እንስሳ ግን እኛ ከከብት ጋር ብቻ የምናያይዘው መዥገር ነው። ኦስትሪያና ጎረቤቶቿ ውስጥ መዥገር የአንጎል ብግነት የሚያስከትል ቫይረስ ያስተላልፋል። ለዚህ ክትባት ቢኖርም በመጀመሪያውና በሁለተኛው መርፌ መካከል ሳምንታት ማለፍ ስላለባቸው አስቀድሞ መጀመር ይገባል። ላይም የተባለውን በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታም ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ከሣር የወጣ ሰው ማታ ማታ ከጉልበቱ ጀርባና ከብብቱ ሥር መፈተሽ አለበት። በዚህ ረገድ ጥንድ መሆን ብቻውን ከመጓዝ ይሻላል፤ ጀርባውን የሚያይለት አለ።

«ስንቁን ከአገር ቤት መያዝ ነው።»

በሶ ለብስክሌተኛ የተፈጠረ ይመስላል፤ እሳት አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ በውኃ ተበጥብጦ ጉልበት ይሰጣል። ሆኖም ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ካለ አገር የሥጋና የወተት ውጤቶችን ይዞ መግባት ስለተከለከለ፣ ቋንጣና ቅቤ ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ፤ በቅቤ የታሸ ጭኮም ከዚህ አያመልጥም። የማብሰያ ጋዝም በአውሮፕላን ፈጽሞ አይጫንም፤ ከደረሱ በኋላ መግዛት ነው። በባትሪ የሚሠራ ብስክሌት ያለውም ሰው ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደማይገባለት ማወቅ አለበት፤ የእነዚህ ብስክሌቶች ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

«የሸንገን ቪዛ ያለው እስከ ጥቁር ባሕር ይሄዳል።»

ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ያሉት ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሀንጋሪ ሁሉም በሸንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከአገር አገር በሚታለፍበት የአውሮፓ ክልል ውስጥ ናቸው። ክሮኤሺያ በ2023 እ.ኤ.አ. ገብታለች፤ ቡልጋሪያና ሩማንያም ከ2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በየብስ ድንበሮቻቸው ጭምር ሙሉ አባል ሆነዋል። በመካከል ያለችው ሰርቢያ ግን አልገባችም፤ ዩሮቬሎ 6 ደግሞ በእሷ በኩል ያልፋል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ወደ ሰርቢያ ከተሻገረ ቪዛው እዚያው ያልቃል፤ ተመልሶ ወደ ሸንገን አገር መግባት አይችልም። የባለቤቴ ቪዛ ደግሞ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነበር፤ የመመለሻ በረራዋም ከፍራንክፈርት። ቡዳፔስት ላይ ለምን እንዳቆምን ለሚጠይቁን ሁሉ ይህን እንነግራቸዋለን፤ እነሱ ግን እስካሁን «ጉልበታችሁ አልቆ ነው» ይላሉ።