ካኦ ምንድን ነው? ተንደርድሮ በትከሻ መግጨት አይደለም

በቻይናው የፍልሚያ ጥበብ በታይ ቺ ያለውን ካኦን «የትከሻ ቡጢ» እያለ የሚያስረዳ ሰው በዝቷል። አንዱ ደግሞ «ሦስት እርምጃ ተንደርደርና ትከሻህን ወርውር» ሲል ዝም ማለት አይቻልም። ይህን የሞከረ ተማሪ ተጋጣሚው ዞር ካለበት በግንባሩ ይደፋል፤ ካገኘውም የገዛ ትከሻውን ጫፍ አጥንት ይጎዳል።

ካኦ ከታይ ቺ ስምንት ኃይሎች አንዱ ነው። ቃሉ በቻይንኛ መጠጋት፣ መደገፍ ማለት ነው፤ መምታት የሚል ትርጉም የለውም። የጥበቡ ሰዎች «ሲርቅ እጅ፣ ሲቀርብ ክርን፣ ገላ ለገላ ሲነካካ ካኦ» ይላሉ። በመካከላችሁ ክርን የሚታጠፍበት ቦታ ካለ ጊዜው የካኦ አይደለም።

አልነሳ ያለ መኪና ስትገፋ ከሩቅ ሮጠህ አትላተመውም። ትከሻህን ታስጠጋለህ፣ እግርህን ትተክላለህ፣ ከዚያ የሚገፋው የኋላ እግርህ ነው። ካኦም እንዲሁ ነው፤ ግፊቱ ግን በቅጽበት ያልቃል። የእጅ ፍሬኑ የተያዘ መኪና እንደማይነቃነቅ ሁሉ ሚዛኑን የጠበቀ ሰውም አይነቃነቅም። ፍሬኑን የሚያስለቅቀው ከካኦ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ ክንዱን ወደ ታች ስትነጥቀውና እሱ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ወይም ራሱ ሲጎትትህ። ለመኪናው ከጎማ ሥር ድንጋይ ታነሳለህ፤ እዚህ ግን ድንጋዩን የምታስቀምጠው አንተ ነህ። እግርህ ከተረከዙ ኋላ ሲገባ መሸሻ ያጣል።

«በካኦ ከባድ ሰው ሲበር አይቻለሁ» ለሚለው፦ አዎ፣ ይበራል። የበረው ግን ትከሻው ሳይደርስበት ሚዛኑን አጥቶ ስለነበር ነው።

ዳ ሉ በሚባለው የሁለት ሰው ልምምድ ተጋጣሚህ ቀኝ ክንድህን ይዞ ሲጎትትህ አትታገል፣ ተከተለው። ቀኝ እግርህን በእግሮቹ መካከል አስገባ። ቀኝ ክንድህ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ግራ መዳፍህ በክርንህ ውስጠኛ ጎን ይቀመጥ። ይህን ግራ እጅ ብዙዎች ይረሱታል። ከሌለ ክርንህ በቀላሉ ይቆለፋል፤ በዳ ሉ ለካኦ የሚሰጠው አንዱ መልስ ፊት ላይ የሚላክ መዳፍ ስለሆነ መከላከያም ታጣለህ። ትከሻህ ደረቱን ሲነካ ዳሌህ ይውረድ፣ ወገብህ ይዙር፣ የኋላ እግርህ መሬቱን ይግፋ። የሚያርፈው ሥጋው የሞላበት የትከሻህ ጎን ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ኃይሉ እዚያው አንገት ላይ ይቀራል። የፊት ጉልበትህ ከጣቶችህ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ደግሞ የሚጎዳው መገጣጠሚያው ነው።

ትከሻ ብቻ እንደሆነ ማሰብም ስህተት ነው። በደረት፣ በዳሌና በጀርባ የሚደረግ ካኦ አለ። ቸን በሚባለው የታይ ቺ ስልት ያለው «ሰባት ጹን ካኦ» (ጹን የቻይና የርዝመት መለኪያ ነው) ትከሻው ከመሬት ወደ 23 ሴንቲሜትር እስኪቀርብ የሚወርድበት ነው፤ ጭንና ጉልበቱ ያልጠነከረ ሰው አይሞክረው። በቪዲዮ ጨዋታዎች የታወቀው «ትየ ሻን ካኦ» ባጂ የሚባል የሌላ የቻይና ፍልሚያ ጥበብ ነው፤ ባጂ ደግሞ በተለመደው አከፋፈል እንደ ታይ ቺ «የውስጥ» ከሚባሉት ጥበባት አይመደብም።

«መደገፍ» ሲባል ክብደትን ሰው ላይ መጣል የሚመስለውም አለ። በዝግታ ይፈተን፦ ጓደኛህ ትከሻህ ደረቱን በነካበት ቅጽበት ሳይነግርህ ይሽሽ። ወደ ፊት አንዲት እርምጃ ከተንገዳገድክ ተጥለህበት ነበር፤ ፍጥነት ሳትጨምር ወደ እግርህ አቀማመጥ ተመለስ።