ዋሽንግተን «ገበሬ» አልነበረም፦ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች የሚደጋገሙ ስህተቶች

ፈተና ሲደርስ ጎንደር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የታሪክ ማስታወሻዎች ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች አንዲት መስመር አላቸው፦ «አብዛኞቹ የሕግ ባለሙያዎችና ገበሬዎች ነበሩ»። «ገበሬዎች» የምትለዋን በኋላ እንመጣባታለን። መጀመሪያ ትንንሾቹን እናጥራ።

«ጀፈርሰን ጻፈው።» አልጻፈውም። ያኔ ፓሪስ በመልእክተኝነት ላይ ነበር፤ ጆን አዳምስም ለንደን። ሁለቱም ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀበትን የፊላደልፊያ ጉባኤ አልረገጡም።

«13ቱም ግዛቶች ተወከሉ።» ሮድ አይላንድ ማንንም አልላከችም። የተገኙት 55፣ የፈረሙት 39 ናቸው።

«ሕዝብ የመረጣቸው ናቸው።» የላኳቸው የየግዛቱ ምክር ቤቶች ናቸው። በግንቦት 1986 ዓ.ም. በምርጫ የገቡት የእኛው ሕገ መንግሥት አጽዳቂ ጉባኤ አባላት ናቸው። ቁጥሩም ሳያሳስት አይቀርም፤ ፊላደልፊያ 1787 እ.ኤ.አ.፣ የእኛው የጸደቀው ደግሞ ኅዳር 1987 ዓ.ም.። (ኅዳር 1987 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 1994 ስለሆነ ልዩነቱ 200 ሳይሆን 207 ዓመት ነው፤ እባካችሁ።)

«ሁሉም የመሳፍንት ልጆች ነበሩ።» ፍራንክሊን የሻማና የሳሙና ሠሪ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሃሚልተን ካሪቢያን ደሴት ላይ ከጋብቻ ውጭ ተወለደ። ከነጋዴዎቹ ሀብታሙ ሮበርት ሞሪስ ደግሞ በ1798 እ.ኤ.አ. በዕዳ እስር ቤት ገባ።

«ጠበቆች ነበሩ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከግማሽ በላይ ሕግ ተምረዋል፤ ማዲሰን ግን ተማረ እንጂ ጥብቅና ቆሞ አያውቅም። ስህተቱ የሚመጣው ለአንድ ሰው አንድ ሙያ ሰጥቶ ከመቁጠር ነው። ሮጀር ሸርማን ጫማ ሰፊ፣ መሬት ቀያሽ፣ ባለ ሱቅ፣ ጠበቃ፣ ዳኛ ሆኗል፤ የት ልትጽፉት ነው? ሰንጠረዥ የምትሠሩ ከሆነ አምስት ዓምድ አውጡ፦ የአባት ሥራ፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ በ1787 የሚተዳደርበት፣ ንብረት፣ ዕዳ። ዕዳውን የሚዘል ሰው ሞሪስን አይረዳውም።

አሁን ወደ «ገበሬ»። ቃሉ የመጣው «ፕላንተር» (planter) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በችኮላ ከመተርጎም ነው። ደምቢያ ላይ ገበሬ ማለት ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወጥቶ፣ በሬ ጠምዶ ራሱ የሚያርስ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲሞት በ1799 ማውንት ቨርነን 8,000 ኤከር ያህል ነበር፤ ከ3,200 ሄክታር በላይ ማለት ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንለው ወደ 13 ሺህ ጥማድ ይጠጋል! እዚያ በባርነት የሚኖሩት 317 ሰዎች ነበሩ። እርፍ የሚጨብጡት እነሱ ናቸው።

«ባለርስት» በሉት የሚሉም አሉ። ያም አይሆንም። የእኛ አገር ርስት በዘር ሐረግ የሚወረስ የወገን መሬት ነው፤ እንደ ዕቃ ለባዕድ አይሸጥም። ዋሽንግተን መሬት እየገዛ ነው ያስፋፋው። «ባለጉልት»ም አይደለም፤ ባለጉልት ከአራሹ ግብር ይበላል እንጂ አራሹ ንብረቱ አይደለም። ቃል ከጠፋ ረዘም አድርጎ መጻፍ ነው፦ በባሪያ ጉልበት የሚያሳርስ ባለ ሰፊ መሬት።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። «ገበሬ» ካላችሁ ሰነዱ ራሱ አይገባችሁም። የምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር የተባለው ለምንድን ነው? ባሪያ ከውጭ ማስገባት እስከ 1808 በኮንግረስ እንዳይከለከል የተደረገው ለማን ነው? ከ55ቱ 25 ያህሉ የባሪያ ጌቶች መሆናቸውን ስታዩ መልሱ ይመጣል። በሬ ጠማጅ እንዲህ ላለው ድርድር ምን አገባው?

የግድ የገበሬ ልጅ ጥቀስ የሚል ፈተና ከመጣ የጆርጂያው ዊሊያም ፊው አለ፤ ከድሃ ገበሬ ቤት የወጣ፣ አብዛኛውን በራሱ ያነበበ ሰው። እሱም ቢሆን ለጉባኤው ሲላክ ጠበቃ ነበር።