ፓተንት አተርኒ ምንድን ነው? ኬሚስትሪ የተማረ ሰውስ እዛ ምን ይሰራል?

ፓተንት ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው። ፓተንት አተርኒ ሲባል ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ይመስለዋል፣ ግን አብዛኛው ስራው ጽሁፍ ነው። አንድ ተመራማሪ ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ ነገር ሲያገኝ ያንን ነገር በቃላት አጥሮ ከዚህ እስከዚህ ያለው የኔ ነው የሚለውን ሰነድ የሚያዘጋጅለት እሱ ነው። ይቺ የሰነዱ ክፍል ክሌም ትባላለች፣ ፓተንቱ መቶ ገጽ ቢሆን እንኳን ህጉ የሚጠብቅልህ ክሌሙ ላይ የሰፈረውን ነው።

ኬሚስትሪው የሚያስፈልገው እዚህ ጋር ነው። አንድ ኬሚስት አዲስ የመድሃኒት ሞለኪውል ይዞ መጣ እንበል፣ አተርኒው ያንኑ አንዱን ብቻ ጽፎ ቢያስገባ ሌላው ድርጅት ሜታይል የምትባለውን ትንሽ የሞለኪውሉን ክፍል ኢታይል በሚባል ሌላ ክፍል ቀይሮ ያንኑ የሚያክም መድሃኒት ሊሸጥ ይችላል። ስለዚ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፣ እዚች ቦታ ክሎሪን ብናስገባ ይሰራል ወይ? የሞለኪውሉ ቀለበት ላይ ናይትሮጅን ቢኖርስ? የትኞቹን ሰርታችሁ አይታችኋል? ከዛ "እዚህ ቦታ ላይ ከነዚህ አንዱ" እያለ የሞለኪውሉን ቤተሰብ በሙሉ የሚይዝ ክሌም ይጽፋል። ይሄ አጻጻፍ ማርኩሽ ክሌም ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ውስጥ በማቅለሚያ ኬሚካሎች ላይ ፓተንት ባገኘው በዩጂን ማርኩሽ ስም ነው። በጣም ካሰፋኸው ግን ድሮ የታተመ አንድ ሞለኪውል ውስጡ ከተገኘ ክሌሙ ይወድቃል፣ ያልሞከርከውን ሁሉ የኔ ካልክም ማመልከቻውን የሚያየው የፓተንት ቢሮው መርማሪ ማስረጃህ የታለ ይልሃል።

እኛ ይሄን በጤፍ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለአንድ የሆላንድ ድርጅት የሰጠው የጤፍ ዱቄት ፓተንት ስንቶቻችንን አናዶናል፣ ክሌሙ ግን ጤፍ የኔ ነው አይልም፣ የሚለው እህሉ ሲፈጭ ፎሊንግ ነምበሩ ቢያንስ 250 የሆነ ዱቄት ነው። ፎሊንግ ነምበር ማለት ዱቄትና ውሃ ቱቦ ውስጥ ከተህ በፈላ ውሃ እያሞቅክ ታማስለዋለህ፣ ከዛ ማማሰያው ዘንግ በራሱ ክብደት ሙኩን አልፎ ታች ይወርዳል፣ ከመጀመሪያው እስከዛ የፈጀው ሰከንድ ነው ቁጥሩ። እህሉ ውስጥ አልፋ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ከበዛ ስታርቹን ይቆራርጠዋል፣ ሙኩ ይቀጥናል፣ ዘንጉ ቶሎ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ያንሳል። ከታጨደ በኋላ ተቀምጦ የቆየ እህል ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ኬሚስትሪ የማያውቅ ሰው 250 ቁጥር ብቻ ነው የሚሆንበት፣ የሚያውቅ ግን ይሄ እኮ እህሉን አስቀምጦ አቆይቶ መፍጨት ነው ይላል፣ ያ ደግሞ ጎተራ ባለበት አገር ሁሉ ያለ ነገር ነው። የሄግ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ፓተንቱ የፈጠራ እርምጃ የለውም፣ ማለትም ለዘርፉ ባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ነው ብሎ ሆላንድ ውስጥ ሰረዘው። ከተሰጠ ከ11 አመት በኋላ ማለት ነው፣ በጣም ረጅም ጊዜ ነው። አውሮፓ ውስጥ እኮ ፓተንት በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ ማንም ሰው ተቃውሞ ማስገባት ይችላል፣ ያኔ ክሌሙን አንብቦ 250ዋ ከየት እንደመጣች የሚያስረዳ የራስ ኬሚስት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ የፓተንት ባር በሚባለው የፓተንት ስራ ፈቃድ ፈተና ላይ ለመቀመጥ የህግ ዲግሪ አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው የሳይንስ ወይ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ነው፣ ኬሚስትሪ በቀጥታ ይገባል። 100 የምርጫ ጥያቄ ነው፣ 6 ሰአት ይፈጃል። ፈተናውን ብቻ ያለፈ ፓተንት ኤጀንት ይባላል፣ ማመልከቻ መጻፍና ከመርማሪው ጋር መከራከር ይችላል፣ የጥብቅና ፈቃድ ሲጨምርበት ነው ፓተንት አተርኒ የሚሆነው። ግሪን ካርድ ያለውም መመዝገብ ይችላል። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ዋና መስሪያ ቤት አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ ስንት ሀበሻ የሚኖርበት ቦታ፣ ኬሚስትሪ ተምራችሁ በሌላ ስራ ላይ ያላችሁ ይሄን መንገድ በደንብ እዩት።